ሁለት ስንዝር አንጀት

እናቴ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። አንጀቴ ነው የምትለኝ። ከማዶ ስትጣራ «አንጀቴ!»፣ ስትቆጣም «አንች አንጀቴ፣ ምን ልሁን ብለሽ ነው?» ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡኝ የወሰዱኝ ቀን መዝጋቢው «የልጅቱ ስም ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት ለአፍታ ድርቅ ብላ ወደ አባቴ ዞረች አሉ። ረስታው አይደለም፤ አፏ አልለመደውም ነበር።

አድጌ የአማርኛ መምህርት ሆንሁ፣ ፍኖተ ሰላም። በየዓመቱ ፈሊጣዊ አነጋገር የማስተምርበት ሳምንት ይመጣል። ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፦ አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ራሰ፣ አንጀቷ ታጠፈ፣ አንጀት የለውም። «የቃል በቃል ፍቺውን ተዉት፤ እዚህ ላይ አንጀት ማለት ርኅራኄ ነው፣ ፍቅር ነው» እላለሁ። ይህን እያልሁ ከእምብርቴ በስተቀኝ ወረድ ብሎ የሆነ ነገር እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዘኛል። ጠረጴዛውን ይዤ ዝም እላለሁ። ተማሪዎቼ እንዲያስቡ ጊዜ የሰጠኋቸው ይመስላቸው ነበር። የጎበዝ መምህርት ስም ያተረፍሁት በቁርጠት ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ያ ሕመም ስንት ስም ወጣለት መሰላችሁ! አሜባ ነው ተባለ፤ ዋጥሁ። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ዋጥሁ። ጨጓራ ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ ባል ስላላገባች ነው ተባለ። ይህን የመጨረሻውን ያለችው ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ያለች ሴትዮ ናት፤ ይቅር ብያታለሁ፣ አልረሳሁላትም ግን። ከዚያ የአንጀት ቲቢ ነው ተብሎ ሽንትን ብርቱካን የሚያስመስል ክኒን ለወራት ወሰድሁ። ሻል ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄጄ በካሜራ ውስጤን ያዩት ሐኪም ሌላ ስም አወጡለት፤ ክሮንስ፣ የሰውነት ዘብ የገዛ አንጀቱን የሚያቆስልበት። ቲቢ ጨርሶ አለመሆኑን ግን እሳቸውም አልማሉም። ለእናቴ በስልክ ነገርኋት።

«ኮሮና?» አለች።

«ክሮንስ ነው እምዬ፣ ክሮንስ።»

«እንዴ፣ አልጠፋም ነበር? በይ አፍንጫሽን ሸፍኝ።»

ሳቅሁ። ስስቅ ደግሞ አመመኝ።

ያን ዘመን አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር እንፋሎት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ተመልሼ አልጋዬ ላይ እጋደማለሁ። ቆርቆሮው በፀሐይ ቋ፣ ቋ ይላል። ከአስፓልቱ የአውቶቡስ ጥሩምባና የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ የንብ ድምፅ ይሆናል። እንቅልፍ አይሉት፣ ንቃት አይሉት። በዚያ መሀል እናቴ አገር እደርሳለሁ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ የፈጣምን ወንዝ ተሻግሮ ካለችው መሬታችን። እዚያ ሁልጊዜ ኅዳር ነው። አውድማው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ አየሩም ቀላ ብሏል። በበርበሬው ላይ እሄዳለሁ፣ እግሬ ግን አይነካውም። ከወዲያ ጫፍ እናቴ ድስት ከፍታ ትጠብቀኛለች። ሽታው ይመጣል፣ ይመጣል፤ ስደርስ ድስቱ ባዶ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ድስቱ ሞልቶ እኔ አፍ የለኝም።

የቡሬ ልጅ ሆኜ በርበሬ ከቀመስሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ቅቅል ድንች፣ ደግሞ አጥሚት። በሕልሜ እንኳ ጠግቤ አላውቅም። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ አንጀቴ ጠበበ። የበላሁት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ሆዴ ይነፋል፤ ያስመልሰኛል። ሐኪሙ የመድኃኒት ማዘዣ ገልብጠው ሥዕል ሠሩልኝ፤ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበት ቦታ ላይ እስክሪብቷቸውን አሽከረከሩ። «እዚህ ጋ ጠባሳ ሆኖ ሊዘጋ ምንም አልቀረው። ይህን ክኒን አይከፍተውም። የታመመውን እንቆርጥና ጤነኛውን ከጤነኛው እንቀጥላለን።» እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ለዚሁ ብላ ነበር የመጣችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሥዕሉን ትኩር ብላ ታየዋለች።

ሐኪሙ አልደበቁንም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል አሉ። የተቀጠለው ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ሊያሾልክ ይችላል፤ ያኔ ሆዷን መልሰን እንከፍታለን፣ ምናልባትም እስኪያገግም ድረስ ሰገራዋ ሆዷ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወርዳል አሉ። ደህና ከሆነ ግን ትበላለች፣ ሥጋ ታወጣለች። ሆዷ ትንሽ ይላላ ይሆናል፤ የሚቆረጠው ቦታ ይሠራው የነበረውን ለማካካስ የቫይታሚን መርፌ ዕድሜ ልኳን ትወስድ ይሆናል። በሽታው ግን ተቆርጦ የሚያልቅ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ እኔ የሰማሁት «ትበላለች» የምትለዋን ብቻ ነው። ከረጢቱን ደግሞ።

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገመድ ተበጥሶ ሲቀጠል፣ ዳግመኛ የሚበጠሰው ከቋጠሮው ላይ አይደለም። ከቋጠሮው አጠገብ ነው። ይሄስ?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «እርስዎ የት ተማሩት እናቴ? እንዳሉት ነው። ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተቀጠለው አጠገብ ነው።»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቱን ገመድ የምገምደው እኔ ነኝ» አለች፣ ኮራ ብላ።

ሐኪሙ ወደኔ ዞሩ። «እንዳይመለስ ነው የምንታገለው። ስለዚህ ተቆርጦ የሚወጣው ቁራጭ መመርመር አለበት፤ ቲቢ ነው ወይስ ክሮንስ የሚለውን የሚነግረን እሱ ነው። ክሮንስ ከሆነ የሰውነትሽን ዘብ የሚያስተኛ መድኃኒት እሰጥሻለሁ። ቲቢ ከሆነ ግን ያንኑ መድኃኒት ብሰጥሽ ገደልሁሽ ማለት ነው።» እኔ ይህን በደንብ ሰማሁ። እናቴ ገና ገመዱ ላይ ነበረች።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጧት አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ «እስኪ ቁጠሪ» አለችኝ። እስከ አራት የደረስሁ ይመስለኛል። ከዚያ በርበሬ መደብ ውስጥ ነኝ። ለምለም ነው፣ ገና አልቀላም። በቦዩ መሀል እሄዳለሁ፤ ፈጣም ዘንድ ስደርስ መደቡ ያልቃል፣ ከወንዙ ማዶ ግን ይቀጥላል። እንዴት እሻገራለሁ ብዬ ስጨነቅ የሆኑ ሰዎች መጥተው ወንዙን በሁለት ጫፉ ይዘው አነሡት፤ ልክ ብርድ ልብስ እንደሚያነሡ። ይህን መደብ ከዚያ መደብ ጋር ገጠሙት። ውኃው የት ሄደ ብዬ ልጠይቅ ስል የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ የእናቴ ታናሽ እኅት ናት፣ ባሕር ዳር የምትኖር። «ነቃች! ነቃች!» ትላለች።

«ከረጢት አለ?» አልሁ። የመጀመሪያ ቃሌ ይኸው ነው፤ እግዜር ይመስገን እንኳ አላልሁም።

«የለም። ፋሻ ብቻ ነው። ሁለት ስንዝር ቆርጠው አወጡልሽ።»

እናቴ በማግሥቱ ግንባሬን ሳመችኝና «ከብቱን አይቸ ልመለስ» ብላ ሄደች። አንገቷ ላይ የሆነ ነገር የተቋጠረበት ነጠላ ነበራት፤ ስንቅ መሰለኝ። ማደንዘዣው ገና አልለቀቀኝም፤ ግን እንባዬ መጣ። ሆዴ ተከፍቶ ተኝቼ እንዴት አንጀቷ ቻለ? ከብቱ ከኔ በለጠ? ቅሬታዬን አክስቴ ላይ ተወጣሁት፤ ምስኪን፣ ሾርባዋን እንኳ አማረርሁባት።

ቀኖቹ እንደ ደመና አለፉ። ሐኪሙ በየጧቱ እየመጡ ሆዴን ይዳስሳሉ፣ ትኩሳቴን ያያሉ፣ ከዚያ ያንን ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ፈስ ወጣ?» እኔ መምህርት ነኝ፤ በሰው ፊት ይህ ቃል ተጠርቶብኝ አያውቅም። «አልወጣም» እላለሁ አንገቴን ደፍቼ። አጠገቤ ያሉት ታማሚዎች ሳይቀሩ ይጠብቁልኝ ጀመር። በአምስተኛው ቀን እናቴ በበሩ ብቅ ስትል ወጣ። ነገርኋት። እናቴ ያን ያህል ሰው መሀል «እልልልል!» ብላ አቀለጠችው፤ ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። አፈርሁ፣ ሳቅሁ፣ ስፌቴን ይዤ አለቀስሁ። አንጀቴ ቀጥሏል። ውስጤ መንገድ ተከፍቷል።

ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ በስሜ ጠራችኝ።

ሌላ ሰው የጠራኝ መስሎኝ ዞር አልሁ። ስሜ በእሷ አፍ የስም መጥሪያ ይመስላል፤ ልክ ክፍል ውስጥ «አለሁ» እንደሚባልለት። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ተውሁት። በማግሥቱም በስሜ፣ ፍኖተ ሰላም ስትሸኘኝም በስሜ። ስልክ ስትደውልም በስሜ። ምን አጠፋሁ? ሆዴን የከፈቱት እነሱ፣ የራቀችኝ እሷ። ለማንም አልተናገርሁም።

በወሩ ለክትትል ተመልሼ ሄድሁ። አራት ኪሎ ጨምሬ ነበር፤ ሽሮ በልቼ፣ በጥቂት በርበሬ፣ ሳያስመልሰኝ። ሐኪሙ ጠባሳዬን አይተው ደስ አላቸውና «የምርመራው ወረቀትስ?» አሉ።

«እናንተ ጋ አይደለም እንዴ?»

የለም። ላብራቶሪው መዝገብ ላይም ስሜ የለም። ቁራጩ ለቤተሰብ ነበር የተሰጠው፤ ከመንገዱ ማዶ ላለው ላብራቶሪ እንዲያደርስ። አክስቴን ደወልሁላት። «እታለም አይደለችም የተቀበለችው? ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራው ነበር» አለች። ስንቅ ነው ያልሁት ነገር ትዝ አለኝ።

«ካልተገኘ በጭፍን መወሰን ነው» አሉ ሐኪሙ። «መድኃኒቱን ብሰጥሽም እፈራለሁ፣ ባልሰጥሽም እፈራለሁ።»

ከባሕር ዳር እስከ ቡሬ መንገዱን ሙሉ ስናደድ ሄድሁ። መራዊን ሳልፍ ተናድጃለሁ፤ ኮሶበርን ሳልፍ ጭጋጉ ውስጥ ሆኜም ተናድጃለሁ። ቡሬ ወርጄ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። ኅዳር ነበር። አውድማው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ለአፍታ ሕልሜ ውስጥ የገባሁ መሰለኝና ቆምሁ። ከወዲያ ጫፍ እናቴ ጎንበስ ብላ በርበሬ ታገላብጣለች። በስሜ ጠራችኝ።

«ያንን ዕቃ የት አደረግሽው?» አልኋት። ሰላም እንኳ አላልሁም።

ማገላበጧን አላቆመችም። «አልሰማሁም ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር» አለች። «ሰምቻለሁ። ነርሷ ‹ይሄ የልጅዎ ነው፤ ማዶ ላለው ላብራቶሪ ይስጡት› አለችኝ። ተሻገርሁ። ሁሉም ዕቃ ዕቃውን ይዞ ተሰልፏል። አንዱን ሰውዬ ‹ሲጨርሱ የት ያደርጉታል?› አልሁት። ‹ይጥሉታላ› አለኝ።» ቀና አለች። «ምን ቆርጦኝ ነው አንጀትሽን የማስጥል? ከኔ የወጣ ሥጋ አይደለም? ተመልሼ አንችን ሳምሁና እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ። ከአባትሽ እግር ሥር ቀበርሁት። ክዳኑን መክፈት ፈራሁ፤ ከነዕቃው።»

«መድኃኒቴ እኮ በሱ ነው የሚወሰነው! ልሙት ነው የምትይ? ደግሞ በስሜ መጥራት ጀመርሽ፤ እንደ እንግዳ!»

«በሽታው ይመለሳል አሉ፤ አልሰማሽም? ‹አንጀቴ› እያልሁ ስጣራ ያ የተቀበረው ‹የጠሩኝ እኔን ነው› ብሎ እንዳይመጣብሽ ብዬ ነው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ስምሽን ስጠራ አፌ ውስጥ ድንጋይ የያዝሁ ይመስለኛል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጣዬ ገና ከኮሶበር እየመጣ ነበር። «አንጀት የለሽም!» አልኋት። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን፣ ለእናቴ።

አየችኝ። «የለኝማ» አለች። «አፈር ውስጥ ነው።»

በርበሬው ጉሮሮዬ ገብቶ ይሁን ሌላ፣ እንጃ፤ አሳለኝ፣ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥሁ፣ አለቀስሁ። መጥታ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ ዶማዋን ይዛ ቀድማኝ ሄደች።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው አልነበረም፤ ዋርካው ላይ ርግቦች ብቻ። ልቆፍር ብል «ስፌትሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። አባቴ መቃብር ግርጌ ተንበርክካ ትንሽ በዶማ፣ የቀረውን በእጇ ማሰች። ነጠላው ወጣ፤ ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ። ክዳኑ እንደተጠበቀ ነው፤ እንዳይበሰብስ የተነከረበት ውኃ አልፈሰሰም። ስሜ ላዩ ላይ አለ፣ ደብዝዞ ግን የሚነበብ። በፀሐይ አንሥቼ አየሁት። ያን ያህል ዓመት ያንገላታኝ ነገር ግራጫ የሆነ፣ እጥፍጥፍ ያለ፣ የእርጥብ ገመድ ቁራጭ የመሰለ። ልስደበው ፈልጌ ስድብ አጣሁ።

ለኔ አልሰጠችኝም፤ እኔን ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ተማሪዎቼ መለሰችኝ። በማግሥቱ ጧት ራሷ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ ታቅፋው ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ የጎጃም ሰው ነውና ዕቃውን አይቶ «ማር ነው እናቴ?» አላት። «ከማርም የሚበልጥ» አለችው። ባሕር ዳር ስትደርስ ያን ሰልፍ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ለተቀባዩ «ሲጨርሱ እንደፈለጉ ያድርጉት፤ ብቻ በደንብ ይዩት» አለችው አሉ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አክስቴ ናት። እናቴ አልነገረችኝም።

ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ክፍል ገባሁ፣ ወጣሁ። ፈተና አረምሁ። ከሰዓት በኋላ እጋደማለሁ፤ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ይላል፤ አውቶቡሱ ይራቃል። ሕልሙ ግን አልመጣም። ሆዴ ጠግቦ ነው መሰለኝ።

ወረቀቱ የደረሰ ቀን በመንገድ ላይ ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ለሐኪሙ ደውዬ አነበብሁላቸው፣ እሳቸውም አስረዱኝ። ክሮንስ ነው። ቲቢ የለም። ሌላ ክፉ ነገርም የለም። መድኃኒቱ ይጀመራል፤ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ በየጊዜው እናየዋለን አሉ። ከዚያ ለእናቴ ደወልሁ። አውድማው ላይ ነበረች፤ ነፋስ ይሰማል። እንደ ንባብ ትምህርት ቃል በቃል ነገርኋት።

«ዳርና ዳሩስ?» አለች። «የተቆረጠበት ዳርና ዳሩ?»

«ዳርና ዳሩ ጤነኛ ነው ይላል።»

«ውስጥሽ የቀረውስ?»

«የቀረው ደህና ነው እምዬ።»

ነፋሱ ብቻ ይሰማል፣ የደረቀ በርበሬ ሲንኮሻኮሽ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

«አንጀቴ» አለች።

እኔን ትጥራኝ፣ ውስጤ የቀረውን ትጥራው፣ ወይም የራሷ እንደራሰ ትንገረኝ፣ አልገባኝም። አማርኛ አስተምራለሁ፤ አልገባኝም።

«አቤት» አልኋት።